አንድ ባች

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ደባርቅ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ አንዲት ወጣት ሻንጣዋን ታቅፋ ከአንድ ቄስ ጎን ተቀምጣለች።

“አባ፣ እርስዎም ወደ ዩኒቨርሲቲው ነዎት? ልጅ ሊያስመዘግቡ?”

“የለም ልጄ፣ ራሴው ልመዘገብ ነው። አሥራ ሁለተኛን ሁለቴ ወድቄ ዘንድሮ አለፍሁ።”

“እውነትዎን ነው? ዶርም ከጎረምሶች ጋር ሊያድሩ?”

“ማኅሌት ቆሞ ላደረ ሰው የጎረምሳ ጫጫታ ምኑ ነው! እኔን የሚያስፈራኝ እንግሊዝኛው ነው።”

“እኔንማ ሁሉም ነገር አስፈርቶኝ፣ ዳባት ላይ ወርጄ ልመለስ እያሰብኩ ነበር።”

“እንዳታደርጊው! አንቺ ከተመለስሽ እንግሊዝኛውን ማን ያስረዳኛል?”

ልጅቷ ሳቀች። “እሺ፣ እኔ አስረዳዎታለሁ። ሬጅስትራር ግን አብረን እንሰለፍ።”

“አብረን ነዋ! አንድ ባች አይደለን?”

እኔ ከኋላቸው ሆኜ፣ ትምህርቴን ካቋረጥሁ ስንት ዓመት እንደሆነኝ በጣቴ መቁጠር ጀመርሁ።