በጥቁሩ በሬ ጎን ላይ ያለው የአምስት ሰው ስፌት

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ወርቅነሽ ኃይለ ሚካኤል
ዕድሜ፦ 37 ዓመት
ሥራ፦ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻን
አድራሻ፦ ደሴ ከተማ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ቦታና ቀን፦ ኮምቦልቻ ፖሊስ ጣቢያ፣ ግንቦት 19 ቀን 1996 ዓ.ም.
የምርመራው ጉዳይ፦ የእርሻ በሬ ስርቆት
ቃሉን የተቀበለው፦ ሳጅን ሸረፈዲን ኑርሁሴን

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመለከተው ምስክር፣ ከግል ተበዳይ ከወ/ሮ ከይሪያም ሆነ ከተጠርጣሪው ከአቶ ብሩ ቡዜ ጋር ዝምድናም ጠብም የለኝም። ከሁለቱ ይልቅ በደንብ የማውቀው በሬውን ነው። በደረሰኝ መጥሪያ መሠረት ዛሬ ጠዋት ከደሴ ተነስቼ ኮምቦልቻ ፖሊስ ጣቢያ በመቅረብ የሚከተለውን ቃል ሰጥቻለሁ።

በሬውን እንዴት አወቁት ተብዬ ስጠየቅ፣ ነገሩ የሚጀምረው ከሥልጠና ነው። በዚያን ጊዜ በየወረዳው የምንሠራ የእንስሳት ጤና ቴክኒሻኖች በዓመት አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ እየተሰበሰብን የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና እንወስድ ነበር። ሥልጠና ሲባል ብዙ ሰው የሚመስለው አበል ተቀብሎ ሻይ ጠጥቶ መመለስ ነው። የእኛ እንዲያ አልነበረም። አንድ ቴክኒሻን ገጠር ውስጥ ብቻውን ሲሠራ ከከረመ የተማረውን ይረሳል፤ ያልተማረውንም የተማረ መምሰል ይጀምራል። እዚያ ስንገናኝ ያዳንነውንም የሞተብንንም ሳንደብቅ እናወራ፣ እስኪመሽ እንከራከር ነበር። አገሬው «መርፌ ወጊዎች» እያለ የሚጠራን ሰዎች ሐኪም የሆንነው በእነዚያ ስብሰባዎች ነው። ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ቢባልም እንዲጻፍልኝ ስለጠየቅሁ ተጽፏል።

በጥር ወር 1994 ዓ.ም. በነበረው ሥልጠና ላይ አሠልጣኛችን ዶክተር ምንይሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የከብት ጨጓራ ሥለው ሲያስረዱን፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ግድም ወ/ሮ ከይሪያ ከጎረቤቷ ከአቶ ጀማሉዲን ጋር አንድ ጥቁር በሬ እየጎተቱ ግቢው ውስጥ ገቡ። የበሬው ግራ ጎን እንደ ከበሮ ተነፍቶ መተንፈስ አቅቶታል። አቶ ጀማሉዲን ቢላዋ ይዘዋል፤ በሬው የማይተርፍ ከሆነ ነፍሱ ሳትወጣ ቢስሚላህ ብለው ሊያርዱት፣ ስጋው እንኳ እንዳይቀር ነው። ወ/ሮ ከይሪያ ግን መጀመሪያ ሐኪሞቹ ይዩልኝ ብላ አሻፈረኝ ብላለች። ባሏ የሞተባት ናት፤ ያላት አንድ በሬ ነው። አቶ ጀማሉዲንም ያላቸው አንድ ነው። ሁለቱ ቤቶች የሚያርሱት በመቀናጆ ስለሆነ፣ ማለትም የእሷን በሬ ከእሳቸው በሬ ጋር ጠምደው በየተራ ስለሆነ፣ ያ በሬ ከሞተ የሁለቱም መሬት ጦም ያድራል።

ዶክተር ምንይሉ ጠመኔያቸውን አስቀምጠው፣ «ሰሌዳው ይቅር፤ ሥልጠናው ራሱ መጥቷል» አሉ። በሬውን አስረን፣ ጎኑን ላጭተን፣ ማደንዘዣ ከሰጠነው በኋላ እንደቆመ ግራ ጎኑን ቀደው ጨጓራውን ከፈቱ። ከውስጡ የወጣው የፌስታልና የናይለን ገመድ ጥቅል ነው። ጨጓራውን ራሳቸው ሰፉት። ቆዳው ላይ ሲደርሱ ግን መርፌውን ለእኛ ሰጡን። ሌላ መለማመጃ ስላልነበረን፣ ከፊት የቆምነው አምስት ቴክኒሻኖች እየተቀባበልን እያንዳንዳችን የድርሻችንን ሰፋን። አቶ ጀማሉዲን ቢላዋቸውን እንደያዙ ቆመው ሲያዩን ቆዩና፣ ዶክተር፣ በሬ ነው ወይስ ጆንያ የምታሰፏቸው ብለው ጠየቁ። ሳቅን እንጂ አልተቀየምንም።

ከላይ የጀመረው ሀፊዝ የተባለው የሥራ ባልደረባዬ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሰፋሁት እኔ ነኝ። እኔ ግራኝ ነኝ። የሌሎቹ ክር ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል የእኔ ወደ ሌላው ያዘነብላል። ዶክተር ምንይሉ አይተው፣ ፍቺውና በቀኝሽ ስፊው አሉኝ። እኔም፣ «ዶክተር፣ በቀኜ ከሰፋሁት መፍታትም አያስፈልግዎ፣ ራሱ ይፈታል» አልኳቸው። ክሩን በጣታቸው ሳብ ሳብ አድርገው ሲያዩት ፍንክች አላለም፤ መርፌውንም ለሚቀጥለው ሰው አስተላለፉ። መጨረሻ የሰፋችው ወንጌላዊት ነበረች። ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመት ስላልሞላት አራርቃ ነው የሰፋችው።

በሬው ዳነ። ቁስሉ ሲሽር መርፌው የገባባቸው ቦታዎች ላይ ነጭ ፀጉር በቀለ፤ በጥቁሩ ቆዳ ላይ ሲታይ የተዛነፈ አጥር ይመስላል። የአምስት ሰው እጅ ከዚህ የተሻለ ሊያጥር አይችልም። በዚያው ክረምት በሬው ማረሱን፣ ወ/ሮ ከይሪያም አላህ እጃቸውን ይባርክ ማለቷን ሰማሁ። እኔ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ብዙ ከብት አክሜአለሁ፤ ደጋግሜ የማወራው ግን ስለዚያ በሬ ነው፤ ባለቤቴም ሰልችቶታል። ሥልጠናው ግን በጀት የለም ተብሎ በዓመቱ ቀረ፤ እኛም በየወረዳችን ተበታትነን ቀረን።

በሬው ባለፈው መጋቢት ከወ/ሮ ከይሪያ በረት መሰረቁንና በዚህ ወር ኮምቦልቻ ከብት ገበያ ውስጥ በአቶ ብሩ እጅ መገኘቱን የሰማሁት ነው እንጂ ያየሁት አይደለም። ከዚህ በታች ያለውን ግን በዓይኔ አይቻለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ሀፊዝና ወንጌላዊት ቀድመውኝ ቆመዋል። የቀሩት ሁለቱ ርቀው ስለተዛወሩ አልመጡም። ስለ በሬው እንዳናወራ ስለታዘዝን ስለ ላምና ስለ በቅሎ ስናወራ ቆየን። ሀፊዝ አንድ ያልዳነለት በቅሎ ነበረው፣ ወንጌላዊትም በሁለት ጥያቄ አፋጠጠችው። በበጀት የተዘጋው ሥልጠና በፖሊስ መጥሪያ ተከፈተ አልኩና ደስ አለኝ።

ከዚያ ሳጅን ሸረፈዲን እኔን ቀድመው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። በሬው ግቢው ውስጥ ካለው ባሕር ዛፍ ላይ ታስሯል፤ ተጠርጣሪው አቶ ብሩ አጠገቡ ቆሟል። ሳጅን ጠባሳው ከምን የመጣ እንደሆነ በፊቴ ሲጠይቁት፣ በሬው የቤቱ ውላጅ መሆኑን፣ ሌላ በሬ በቀንዱ ወግቶት አንድ ሐኪም ብቻውን ሰፍቶ እንዳዳነለት መለሰ። የሐኪሙን ስም ሲጠየቅ አላስታወሰም።

ከዚህ በኋላ የሰፋሁትን እንዳሳይ ታዘዝኩ። ወደ በሬው ቀርቤ ግራ እጄን ጎኑ ላይ ሳሳርፍ ቆዳውን ነዘር አደረገ እንጂ አልሸሸኝም። ከላይኛው ቀጥሎ ያለውንና ወደ ሌላ ወገን ያዘነበለውን ስፌት አሳየሁ። ሁለት ዓመት አልፎ እንዴት እርግጠኛ ሆኑ ለተባልኩት፣ ልብስ ሰፊ የራሱን ስፌት ገበያ ውስጥ ሌላ ሰው ለብሶት ቢያይ ያውቀዋል ብዬ መልሻለሁ። ከዚያ አንድም ቃል እንዳልናገር ታዝዤ በረንዳው ላይ፣ ከምሰሶው ኋላ ቆምኩ።

ሀፊዝ ገባ። እኔን አላየኝም። ጣቱን ከላይኛው ስፌት ላይ አድርጎ የራሱን ለየ። ማንም ሳይጠይቀው ጣቱን ዝቅ አድርጎ የእኔ ላይ አሳረፈና ፈገግ አለ። «ይቺ የወርቅነሽ ናት። ግራኟን የት አደረጋችኋት?» አለ። በዚያች ሰዓት የተሰማኝን ኩራት መደበቅ አልፈልግም፤ ዓይኔ እንባ አቅርሯል፤ ይህም እንዲጻፍልኝ ጠይቄአለሁ። ወንጌላዊትም በተራዋ ገብታ የታችኛውን፣ ተራርቆ የተሰፋውን ለየች። ዛሬ ቢሆን እንዲህ አልሰፋውም ነበር ብላ አፈረች። እኔ በሆድ ሆዴ፣ እንኳን እንዲያ ሰፋሽው አልኩ።

ሳጅን ሸረፈዲን ወደ ተጠርጣሪው ዞረው፣ «ብቻውን ሰፋው ያልኸው ሐኪም ስንት እጅ ነበረው?» አሉት። አቶ ብሩ አቀረቀረ።

በሬው ፍርድ ቤት እስኪወስን በኤግዚቢትነት ይቆያል መባሉን ሰምቻለሁ። ወ/ሮ ከይሪያ ከአቶ ጀማሉዲን ጋር ከበሩ ውጪ ቆማለች፤ ክረምቱም ደርሷል። በሬ ባሕር ዛፍ ላይ ታስሮ አያርስም። ስለዚህ በሬው በአደራ እንዲሰጣት አመለክታለሁ። በተፈለገ ጊዜ ለማቅረብ ዋስ ካስፈለገም እኔ ዋስ እሆናለሁ፤ ሀፊዝና ወንጌላዊትም ዋስ ለመሆን እጃቸውን አውጥተዋል። ሳጅን፣ ምስክር ነዎት ወይስ ጠበቃዋ ብለው ጠይቀውኛል። የበሬው ሐኪም ነኝ ብያለሁ።

ቃሌ ተነብቦልኝ የተናገርኩት በትክክል መስፈሩን ሰምቻለሁ። ያልሆነውን አልጨመርኩም፤ የሆነውንም አልቀነስኩም። ሐሰት ቢገኝብኝ በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ወርቅነሽ ኃይለ ሚካኤል
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ ሳጅን ሸረፈዲን ኑርሁሴን

የቃል ተቀባዩ ማስታወሻ፦ የምስክሯ ፊርማ ወደ ሌላ ወገን ያዘነበለው በግራ እጇ ስለፈረመች ነው። ዋስትናው ተቀባይነት አግኝቶ በሬው በዛሬው ዕለት ለወ/ሮ ከይሪያ በአደራ ተሰጥቷል።