ጊታሩ እስኪቃኝ

ከሰዓት በኋላ፤ አራት ኪሎ፣ ከአንድ ጎማ ቤት ጀርባ ባለችው የሮክ ባንዱ የልምምድ ክፍል ውስጥ ድምፃዊው ባሕሩ በሩን ዘግቶ ቆሟል፤ ጊታሪስቷ አስካለ ዕቃዋን እየሰበሰበች ነው።

ባሕሩ፦ አስቀምጪው እባክሽ! በአንዲት የራዲዮ ወሬ ይሄን ሁሉ ዘመን የቆየ ባንድ ይፈርሳል እንዴ?

አስካለ፦ ባንዱ አልፈረሰም። እኔ ነኝ የምሄደው። ነገ ኮንሰርቱን አዲሱ ጊታሪስት ናሆም ይጫወትልሃል፤ ራስህ አይደለህ እንዴ ያመጣኸው?

ባሕሩ፦ ካንቺ ጎን እንዲቆም ነው ያመጣሁት።

አስካለ፦ «የአስካለ ጊታር ዶልድሟል» ካልክ በኋላ? ሀገር እየሰማ? ሳሙና ልገዛ ብሄድ ባለሱቁ «አይዞሽ እህቴ» አለኝ፤ ሰው የሞተብኝ ይመስል!

ባሕሩ፦ ጋዜጠኛው ጠየቀኝ፣ እውነቱን ነገርኩት። ድሮ ያንቺ ጊታር ሲነሳ የሰው ፀጉር ይቆም ነበር። አሁን ትራስ ውስጥ ተደፍቶ የሚያለቅስ ሰው ነው የሚመስለው። ጠልቼሽ ነው እንዲህ ያልኩት? ከፍቶኝ ነው እኮ!

አስካለ፦ እሺ። ጆሮህ ደህና ነው።

ባሕሩ፦ ደሞ አሽሙር ጀመርሽ።

አስካለ፦ አሽሙር አይደለም። አንድ ነገር ልለምንህና ልሂድ። ጊታሬን ትቼላችሁ እሄዳለሁ፤ ነገ ናሆም የራሱን ጊታር ከሱ ድምፅ ጋር አስማምቶ ይቃኝ። ሌሎቹ ቢነግሩት እንቢ ብሏል፤ ካንተ በቀር የማንንም አይሰማም።

ባሕሩ፦ ለምን ብሎ? ሰውየው መቃኘት ያውቃል። «ቆርቆሮ»ን ልክ እንደ መጀመሪያው ካሴታችን ነው ያጠናው፤ ከነቅኝቱ። ሕዝቡም የሚመጣው ለሱ ዘፈን ነው።

አስካለ፦ ባሕሩ፣ በሞቴ። በዚህ አንድ ነገር እሺ በለኝ።

ባሕሩ፦ አየሽ? የሚያናድደኝ ይሄ ነው! አዲስ ነገር እንሥራ ስል እንቢ የምትዪ አንቺ። እሺ ወደ ድሮው እንመለስ ስል እንቢ የምትዪ አንቺ። ሁልጊዜ ወደ ታች ትጎትቺኛለሽ!

አስካለ፦ ወደ ታች ነው ያልከው?

ባሕሩ፦ አዎ፣ ወደ ታች! ምነው፣ ዋሸሁ?

አስካለ፦ አልዋሸህም። ዝም ብለህ «ከሷ ጊታር ቃኝ» በለው። ምክንያቱን አትጠይቀኝ።

ባሕሩ፦ እጠይቃለሁ እንጂ! አውጪው ጊታሩን። «ቆርቆሮ»ን እንደ ካሴቱ ምቺልኝ፣ ልዝፈነው። ምን እንደሚያስፈራሽ ልየው።

አስካለ፦ መጀመሪያ መቃኘት አለበት። አንተ ደግሞ «ሲቃኝ መስማት ገድ የለውም» ባይ ነህ። ይሄ ባንድ ከተቋቋመ ጀምሮ ስንቃኝ አንድ ቀን እዚህ ክፍል ውስጥ ተገኝተህ አታውቅም፤ ሻይህን ይዘህ ውጭ ነህ።

ባሕሩ፦ አሁንም እወጣለሁ። ስትጨርሺ ጥሪኝ።

አስካለ፦ … ጨርሻለሁ፣ ግባ። እንደ ካሴቱ ነው። አሁንም ይቅርብህ እልሃለሁ።

ባሕሩ፦ ኧረ ምቺው! … እንዴ! አስኩ! ይሄ ነው እኮ! ይሄ ጊታር እስከ ዛሬ የት ነበር? እጅሽ ምንም አልሆነም! አታቁሚ፣ ልገባ ነው። «ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ፣ እኔ ደጃፍሽ ላይ…»

አስካለ፦ ቀስ በል፣ ከፍ የሚለው ቦታ እየመጣ ነው።

ባሕሩ፦ «ክፈቺል…» ቆይ። ቆይ፣ ጉሮሮዬ ደርቋል። ድገሚው።

አስካለ፦ ውሃ ጠጣ መጀመሪያ።

ባሕሩ፦ ድገሚው አልኩሽ! «ክፈ…»

አስካለ፦ በቃ ባሕሩ። በቃ፣ የኔ ወንድም።

ባሕሩ፦ ባለፈው ቅዳሜ ዘፍኜዋለሁ እኮ! አዳማ ላይ ሰው እንባውን እየጠረገ ነው የሰማኝ!

አስካለ፦ ዘፍነኸዋል። አሳምረህ ነው የዘፈንከው።

ባሕሩ፦ ታዲያ አሁን ምን ነካኝ? … ወደዚህ እዪኝ እስቲ። አስካለ፣ ቅኝቱን ዝቅ አድርገሽው ነበር?

አስካለ፦ ጉሮሮህን ከታመምክ በኋላ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ነበር። ከዚያ እያደር አሁንም ትንሽ፣ አሁንም ትንሽ።

ባሕሩ፦ ሌሎቹስ?

አስካለ፦ ቤዙም ኪቦርዱም እኔን ነው የሚከተሉት፤ እንዴት አያውቁም? ትንፍሽ ያለ ግን የለም። ይወዱሃል።

ባሕሩ፦ እኔ ውጭ ሻይ እየጠጣሁ!

አስካለ፦ ይሻልሃል ብዬ ነበር። ሲሻልህ ቀስ እያልኩ ልመልሰው። አልተሻለህም።

ባሕሩ፦ ጊታሩ የዶለዶመውም…

አስካለ፦ ገመዱ ሲላላ ድምፁ ይተኛል፣ ምን ላድርገው? ጆሮህ ደህና ነው አልኩህ እኮ።

ባሕሩ፦ እኔ ነኛ ያዶለዶምኩት! አንቺን፣ በዚህች ከተማ ጊታር በመምታት አቻ የሌለሽን! በራዲዮ ሳዋርድሽ እንኳ ዝም አልሽ። ምናለ ብትሰድቢኝ? ምናለ «አንተ ነህ ድምፅህ የሄደው» ብትዪኝ?

አስካለ፦ «ክፈቺልኝ» ስትል ፊትህ ምን እንደሚመስል አንተ አታውቀውም። እኔ ከጎንህ ሆኜ አየዋለሁ። ያን ፊት ማጣት አቃተኝ። … አሁን አታስለቅሰኝ። ቆይ፣ መልሼ ላላላው። ናሆምም ከዚህ ይቃኝ። ነገ ትዘፍናለህ፣ ማንም አያውቅም።

ባሕሩ፦ ተዪው። ገመዱን አትንኪው።

አስካለ፦ እንደዚህማ አትችለውም፣ አየኸው እኮ።

ባሕሩ፦ አየሁት። አንቺ ግን ትችዪዋለሽ። ነገ መድረክ ላይ ወጥተሽ በዚሁ ቅኝት ምቺው። ሕዝቡ ጊታርሽን ይስማ፤ ራዲዮ ላይ ያልኩትንም በኔው ላይ ይመልሰው።

አስካለ፦ ማን ይዘፍነዋል?

ባሕሩ፦ ሰዉ በቃሉ ያውቀዋል። እሱ ይዝፈነው።

አስካለ፦ አንተስ?

ባሕሩ፦ እኔ እንደ ልማዴ ውጭ እጠብቃለሁ።