ሁለት ጊዜ የተፈታው ጥራዝ

አባባ ወልዱ ጡረታ የወጡ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ባሕር ማዶ፣ ኒድ በሚባለው ሰፈር ቤታቸው ሆነው ያጫወቱንን እንዳሉት ጻፍኩት፤ ያመለጠኝ ቃል ካለ ጥፋቱ የኔ ነው።

በኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የምሁር ጽሑፍ በእጅ ይዳሰስ ነበር። ይሸት ነበር እኮ፣ ሙጫ ሙጫ! እኔ ቦከንሃይም ሰፈር ጠረዛ ቤት ስሠራ ከየቤተ መጻሕፍቱ የምርምር መጽሔት ይመጣልን ነበር፣ በየወሩ የወጣው ተጠራቅሞ ዓመት ሲሞላው ይመጣል፣ እና እንሰፋዋለን፣ ጨርቅ እናለብሰዋለን፣ ጀርባው ላይ በወርቅ ቀለም እናትምበታለን። የአንድ ወር ከጎደለ አንሰፋም! እንጠብቃለን። ማይስተሩ፣ አለቃችን፣ ምን ይል ነበር መሰላችሁ፣ እንዲህ ድምፁን ወፈር አድርጎ፣ «ወልዱ! የተሰፋ አይፈታም!» የተሰፋ አይፈታም።

ታዲያ መጽሔቶቹ አንድ በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ገቡ። ገቡና ቀሩ። የሚሰፋ ጠፋ፣ ጠረዛ ቤቱም ተዘጋ፣ እኔም ቤቴ ገባሁ። ምን አገባኝ አልኩ። እና ልጄ ሰናይት መጣች። ታውቋት የለ፣ የወንዝ ትል የምታጠናው፣ ይኼ እዚህ ታች የሚያልፈውን፣ ኒዳ የሚባለውን ወንዝ! ስልኳን አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣

«ፓፓ፣ ጽሑፌ ወጣ!»

«እሰይ ጓለይ፣ እሰይ ልጄ! የታል?»

«ይኸው!»

«ይሄማ ስልክ ነው። መጽሔቱ የታል?»

«መጽሔቱ እዚህ ውስጥ ነው እኮ። በወረቀት አይወጣም።»

«አንድም?»

«ኒክስ!»

ኒክስ አለችኝ፣ ምንም የለም! እስቲ ፍረዱኝ፣ የሰውን ሁሉ ስሰፋ ኖሬ፣ የገዛ ልጄ ተራ ሲደርስ ኒክስ! እናቷ ይህን ሳታይ ሄደች። እኔስ በእጄ ሳልይዘው ልሂድ?

ታዲያ እምቢ አልኩ። ጎረቤቴ ቤት በወረቀት አሳተምኩት፣ መርፌዬን ከጓዳ አወጣሁ፣ ሰፋሁት፣ ቀይ ጨርቅ አለበስኩት፣ ስሟን በወርቅ አተምኩበት። እሁድ መጣችና ሰጠኋት። አቀፈችኝ፣ ሳመችኝ፣ ገለጥ ገለጥ አደረገችው፣ እና አንዱ ገጽ ላይ ስትደርስ መልሳ ዘጋችው።

«ምነው?»

«ፓፓ... ይኼ አሮጌው ነው። አንዱ ሥዕል ስህተት ነበረው፣ ታረመ።»

«የት ታረመ?»

«እዚያው ውስጥ። ታርሟል የሚል ምልክት አለው።»

«በኛ ጊዜ እኮ እርማቱ በሚቀጥለው ወር ይወጣል፣ እኛም አብረን እንሰፋዋለን! ስህተቱም እርማቱም አንድ ጨርቅ ለብሰው አብረው ያረጃሉ!»

«አዎ ፓፓ።»

አዎ ፓፓ ትለኛለች! ምን ላድርግ፣ ፈታሁት። የተሰፋውን ፈታሁት! አዲሱን አሳትሜ እንደገና ሰፋሁ። ሙጫው እንኳ ሳይደርቅ ስልክ ደወለች።

«ፓፓ፣ አትቆጣ...»

«አትንገሪኝ!»

«አንድ ሰንጠረዥ ብቻ...»

«አትንገሪኝ አልኩ!»

እና ነገረችኝ። እሱንም ፈታሁ፣ እየተሳደብኩ ፈታሁ፣ ክሩን በጥርሴ በጠስኩት። ከዚያ ሱቅ ሄድኩና ምን ገዛሁ? ኦርድነር! ያ የቢሮ ደብዳቤ የምናስርበት፣ ብረቱ ጧ ብሎ የሚከፈት፣ ጧ ብሎ የሚዘጋ። ጠራዥ ኦርድነር ገዛ ሲባል ሰምታችኋል? የልጄን ወረቀት እንደ ኪራይ ውል ጎኑን በሳሁት። ማይስተሩ ቢያየኝ ከመቃብሩ ይነሳ ነበር። ግን ራቁቱን አልተውኩትም፣ ቀይ ጨርቅ አለበስኩት፣ በወርቅም ጻፍኩበት። ይኸው፣ ያዘው። ይዳሰሳል አይደል?

ኦርድነሩን ተቀብዬ «ይዳሰሳል» አልኳቸው። «ግን አባባ፣ ታዲያ መቼ ሊሰፉት ነው?»

ኦርድነሩን ከእጄ ተቀብለው ብረቱን ጧ አደረጉት።

«ኒዳ መፍሰሱን ሲያቆም!» ብለው ሳቁ።