የፕሮፌሰሩ ቴርሞሜትር

የተከበራችሁ የሟች ቤተሰቦች፣ የኬሚስትሪ ክፍል መምህራንና ተማሪዎች፣ እዚህ ፀሐይ ላይ የቆማችሁ ሁሉ! እኔ የላብራቶሪው ቴክኒሻን ነኝ። ከፕሮፌሰር ጋር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቻለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ትናንት «ጥሩ ጥሩውን ብቻ ተናገርላቸው» ብለውኛል። ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ።

ሰዓት አክባሪ ነበሩ? ነበሩ። ተማሪ አንድ ደቂቃ ከዘገየ በሩን ፊቱ ላይ ይዘጉበት ነበር። ሥራ ወዳድ ነበሩ? እንዴታ! አባቴ የሞተ ቀን «ቀብሩ በስንት ሰዓት ያልቃል?» ብለው ጠይቀውኛል።

ቴርሞሜትራቸውን ታውቁታላችሁ። ከደረት ኪሳቸው አይለይም፤ ሌላ ሰው አይነካውም። ተመራቂ ተማሪ የሠራውን ዱቄት ያመጣል። እሳቸው ቆንጥረው ያቀልጡታል። የቀለጠበት ሙቀት የኬሚስትሪ መጽሐፉ ከሚለው ከራቀ፣ «ንጹሕ አይደለም» ብለው የቀረውን ሁላችንም እያየን ቧንቧው ሥር ይደፉታል።

አንዲት ልጅ የሰባት ወር ልፋቷን ይዛ መጣች። «ሦስት ዲግሪ ስቷል» አሏት።

«ፕሮፌሰር፣ በእናትዎ፣ በሌላ ቴርሞሜትር አንዴ ይዩልኝ!»

«ቴርሞሜትር አይዋሽም፤ የሚዋሽ ሰነፍ ነው» ብለው ደፉት። ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ። ልጅቷ ሳትመረቅ ቀረች። ዛሬ የላብራቶሪውን ብልቃጥ የምታጥበው እሷ ናት። ያቻት፣ ዛፉ ሥር የቆመችው።

በዚያው ሳምንት ቴርሞሜትሩን ጠረጴዛ ላይ ረስተውት ወጡ። አነሳሁት። ለካ ወድቆባቸው ኖሯል፤ ሜርኩሪው መሃሉ ላይ ተቆርጧል። የሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ነከርኩት። ዜሮ ማለት ሲገባው ሦስት አለ። ቢሯቸው ሮጥኩ። ነገርኳቸው። በሩን ዘጉ።

«ማን አየ?»

«እኔ ብቻ።»

«እንግዲያው ማንም አላየም።»

ፕሮፌሰር፣ አፌን ዘጋሁልዎ። ልጆች አሉኝ፣ ያባርሩኛል ብዬ ፈራሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ! ዛሬ ግን ማን ያባርረኛል? እህቴ፣ ስሚኝ! ሥራሽ ትክክል ነበር። አንዲት ዲግሪ አልሳትሽም!

ምን አልሽ? ጮክ በይ እንጂ።

«አንተስ?» አለችኝ። ሰማችኋት አይደል? እኔስ። ይኸው ቆሜያለሁ።

በሉ ደህና ይሁኑ፣ ፕሮፌሰር። እርስዎ ተገላገሉ። እኔ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ያጠበችውን ብልቃጥ ከእጇ እቀበላለሁ።