ትሎቼና የሚበሰብሰው ፌስታል

ሆጤ ሰፈር ከጓሮዬ በሦስት የእንጨት ሳጥን ትል አረባለሁ። ዘራቸውን እህቴ ናት ከኮምቦልቻ የሰጠችኝ። ልጣጭና ፍግ ይበሉና ለጎመኔ የሚሆን ጥቁር ማዳበሪያ ያወጡልኛል። ታዲያ ባለሱቁ ጎረቤቴ ሰይድ አንድ ቀን አዲስ ፌስታል እያሳየ፣ «ይኼ እንደ ድሮው አይደለም፤ ይበሰብሳል። ወላሂ፣ አፈር ነው የሚሆነው» አለኝ። «አፈር ከሆነማ ትሎቼ ይፍረዱ» አልኩና ቆራርጬ አንዱ ሳጥን ውስጥ ቀበርኩት። የድሮውን ፌስታል ደግሞ ሌላው ሳጥን ውስጥ፤ ሦስተኛውን አልነካሁትም።

ክረምቱ አልፎ ሰይድ ማዳበሪያ ፈልጎ ሲመጣ ሁለቱን ሳጥኖች ፊቱ ገለበጥኳቸው። የድሮው ፌስታል እንደተቀበረ አለ። አዲሱ ደቅቆ እንደ ጤፍ ከአፈሩ ጋር ተደባልቋል፤ ልልቀምህ ቢሉት አይለቀምም። ትሎቹ ከሁለቱም አብዛኞቹ አልቀዋል፤ የቀሩትም ከስተው ጥግ ይዘዋል። ያልነካሁትን ስከፍተው ግን ይርመሰመሳል።

ሰይድ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ነካካና፣ «በአላህ፣ ትንሽ ጊዜ ስጪው፤ ይበሰብሳል» አለኝ።

«እኔስ እሰጠው ነበር፤ ትሎቹ ናቸው ጊዜ ያጡት።»

ከደህናው ሳጥን ልዝቅለት ስል ያንኑ ዓይነት አዲስ ፌስታል ከኪሱ መዥረጥ አደረገ። አካፋዬን መለስኩ።

«ሰይድ፣ ከእንግዲህ ከዚህ ጓሮ በፌስታል የሚወጣም የሚገባም የለም።»

ቀና ብሎ ዓይን ዓይኔን አየኝ። እንደማልመለስ ሲገባው ከትከሻው ፎጣውን አውርዶ መሬት ላይ ዘረጋው። አዲስ ነጭ ፎጣ ነው። ሳልራራ ሞላሁለት።