የማይሰበረው ፒን

በ1976 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አየር ጤና ፌርማታ ላይ ከአውቶቡስ ስወርድ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ረጅም ነገር በጋሪ የሚያስገፉ አዛውንት አየሁ። አጠገቤ የነበረች ሴት ከንፈሯን መጥጣ «እግዜር ይማርልዎ፣ አባቴ» አለቻቸው።

«አሜን። የታመመው ግን ሞተር ነው» አሏት።

በድምፃቸው አወቅኋቸው። ኮልፌ የቤተሰቤ ጎረቤት የሆኑት፣ ዕድሜያቸውን በዓሣ ንግድ የጨረሱት ጋሽ ጉልላት ነበሩ። ዝዋይ ሐይቅ ላይ አንዲት የሞተር ጀልባ አለቻቸው። አሁን የሚነዳት ልጃቸው ሀብተሥላሴ ነው። ከእሱ በፊት ይነዳት የነበረው ታናሽ ወንድማቸው ቀለመወርቅ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ሞተሩ ሐይቁ መሐል ቆሞበት፣ የከሰዓቱ ነፋስ ጀልባዋን ገልብጦበት ሞቷል።

«እንኳን አገኘሁህ፣ መኳንንት» አሉኝ። «ወንድይፍራው ቶርኖ ቤት መሄዴ ነው። ማርሹ አልቋል። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንተ አስተማሪው ታነብልናለህ።» ከኮታቸው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለለ የሞተሩን መመሪያ አወጡ። ሞተሩ ከተገዛ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ገጾቹ እርስ በርሳቸው እንደተጣበቁ ነበሩ።

ከጋሪው ኋላ እየተከተልን ስንሄድ «ሲጠገን ስንተኛ ጊዜው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ሰው ስንት ጊዜ ይታመማል? አምናም አለቀ፣ ተሠራ። ዘንድሮም ይሠራል። ሰኞ ሀብተሥላሴ ይዞት ይወርዳል።»

«በአዲስ ቢለወጥ አይሻልም፣ ጋሼ?»

«ይኸው! ኮሌጅ ድረስ የሚያስተምሯችሁ መጣል ነው እንዴ? እኔም አርጅቻለሁ፤ ነገ ጉልላትን ለውጡልን ልትል ነው።»

«እርስዎንማ የሚተካ አናገኝም።»

ሳቁ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው ከበደ። «ቀልዱን ተወውና፣ አዲስ ሞተር ገበያ ላይ አለ? የለም። የሚደርሰው ለአስጋሪዎቹ ማኅበር ነው። ማኅበሩ ደግሞ መጀመሪያ ጀልባህን አስረክብ፣ ከዚያ አባል ትሆናለህ ይላል። ልጄ በገዛ አባቱ ጀልባ ለመሄድ ተራ ይጠብቅ? እስቲ አንተ ፍረድ!»

የሚሉት እውነት ነበር። ጀልባዋን ያገኟት ዓሣ በጀርባቸው ተሸክመው ነው፤ ማስረከብ ቀላል ነው የሚል ሰው ያስረከበው ነገር የሌለው መሆን አለበት። ስለዚህ «የሚያጡት ነገር አለ፤ ይህን አልክድም» አልኳቸው። «ግን ሀብተሥላሴ የሚሄደው ከዳርቻው አንድ ሰዓት ያህል ርቆ ነው። እንደገና ቢቆምበትስ?»

በጋሪው አጠገብ ቀጥ አሉ። «ሞተሩ መቼ በራሱ ቆመ? ያቆመው ቀለመወርቅ ነው! አያያዝ አያውቅም ነበር። ለቅሶ ቤት ለሁሉም ተናግሬያለሁ፤ አሁንም እናገራለሁ። የሀብተሥላሴ እጅ የረጋ ነው።»

ሲናገሩ ሰምቻቸዋለሁ። ያን ቀን ድንኳኑ ውስጥ ነበርኩ። የሟቹ ሚስት በላይነሽም ነበረች፤ ባሏ በገዛ ጥፋቱ እንደሞተ ሲነገር አንገቷን ደፍታ ሰማች። ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን የቀለመወርቅ ስም ሲነሣ ሰው «አይ፣ እሱማ ችኩል ነበር» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለውን ወሬ መርምሮ የሚቀበል ሰው አላየሁም፤ እኔም አልመረመርኩም።

ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ወንድይፍራው እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተቀበለን። «ኧረ ጋሼ፣ አስተማሪም ይዘው መጡ! ሞተሩ ፈተና ወድቆ ነው?»

የሞተሩን የታችኛውን ክፍል ፈታው። የማርሹ ጥርሶች ተፈረካክሰው ከዘይቱ ጋር ወረዱ። ቀጥሎ ውኃውን የሚገፋውን ፕሮፔለር ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘውን አጭር ፒን መታ መታ አድርጎ አወጣና ወደ ብርሃኑ አነሣው።

«ይህ ነው የኔ ሥራ! ማርሹ ሦስቴ ተፈረካከሰ፤ ይህ ግን ንክች አላለም።»

«ከመኪና ባሌስትራ ብረት ነው ያስቀረጽኩት» አሉኝ ጋሽ ጉልላት፣ እሳቸውም ኮራ ብለው። «ከፋብሪካ የመጣው ነሐስ ነበር። ግንድ በመታ ቁጥር፣ ድንጋይ በነካ ቁጥር ቅንጥስ! ቀለመወርቅ በየሳምንቱ ፒን ሲለውጥ ነበር የሚውለው። አሰልቺ ነገር! ይኸው ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን አልተሰበረም።»

የመመሪያውን ገጾች በቢላ ጫፍ እያላቀቅኩ ስለ ማርሹ ስፈልግ ስለ ፒኑ የተጻፈው ላይ ደረስኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ክርክሩን ማሸነፌን አወቅሁ፤ ባላሸነፍኩ ብዬም ተመኘሁ።

«ምን ይላል?»

ዝም ብል ሰኞ ልጃቸው ሐይቅ ላይ ነው። «ጋሼ፣ ያ የነሐስ ፒን የተሠራው እንዲሰበር ነው» አልኩ።

«እንዲሰበር? ለመሰበር ዕቃ የሚሠራ ማነው?»

«ፕሮፔለሩ ግንድ ሲመታ አንድ ነገር መሰበሩ አይቀርም። ፋብሪካው ፒኑን ያለሰለሰው እሱ ተሰብሮ ማርሹ እንዲተርፍ ነው። ትርፍ ፒን የያዘ ሰው እዚያው ለውጦ ቤቱ ይገባል። ፒኑ አልሰበር ካለ ግን ማርሹ ይሰበራል፤ ማርሽ ደግሞ ውኃ ላይ ሆኖ አይጠገንም።»

ወንድይፍራው ተቆጣ። «ታዲያ ሰው ጠንካራ ሥራልኝ ሲለኝ ልፍስፍስ ልሥራለት? የታዘዝኩትን ነው የሠራሁት!» ይህም እውነት ነበር።

ጋሽ ጉልላት ቀስ ብለው ጠየቁት፦ «ይህን የቀረጽክልኝ መቼ ነበር?»

«ክረምቱ ሊገባ ሲል። ቀለመወርቅ ከማረፉ ሁለት ወር በፊት።»

«ከዚያ በፊት ማርሹ ተሰብሮ ያውቃል?»

ወንድይፍራው ፒኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «አያውቅም፣ ጋሼ።»

ጋሽ ጉልላት ፒኑን አንሥተው ያገላብጡት ጀመር። «ባለማወቅ ነው» አልኳቸው።

«ባለማወቅ?» አሉ። «መጽሐፉ እኮ ኪሴ ውስጥ ነበር። አንድ ሰው ለምኜ አላስነበብኩም። ወንድሜን ግን አያያዝ አያውቅም አልኩ።»

ወንድይፍራው ሞተሩን ደግሞ ደጋግሞ አየው። «የማርሹ ቤት ተሰንጥቋል፣ ዘንጉም ጎብጧል። ነሐስ ብመልስበትም እኔ ልጄን አላሳፍርበትም። ይቅር፣ ጋሼ።» ከጥገና የሚበላ ሰው እንዲህ ማለቱን አከበርኩለት።

«ይቅር» አሉ ጋሽ ጉልላት። ለማኅበሩ የሚላከውን ደብዳቤ እዚያው፣ በዘይት በቆሸሸው ጠረጴዛ ላይ ጻፍኩላቸው። ጀልባዋን እንደሚያስረክቡ አስነበቡኝ፤ ፈረሙ።

ከዚያ ወደ በላይነሽ ቤት ሄድን። ግቡ አላለችንም። በሯ ላይ ቆማ፣ ጋሽ ጉልላት የሆነውን ሁሉ ሲነግሯት ዓይናቸውን እያየች ሰማች።

«ለቅሶ ላይ ሲናገሩ የዕድሩ ሰው ሁሉ ሰምቷል፣ ጋሼ» አለች። «ስሙ እኔ በር ላይ በሹክሹክታ አይመለስም።»

አንባቢ ሆይ፣ ለውጡ ያመጣውን ጥቅም ልንገርህ። ሀብተሥላሴ ዛሬ በማኅበሩ ሞተር ይሄዳል። ጀልባዎቹ ሁለት ሁለት ሆነው ስለሚወጡ አንዱ ቢቆም ሌላው ይጎትተዋል። ኪሱ ውስጥ የነሐስ ፒኖች የያዘች ቆርቆሮ አለችው፤ ማኅበሩ ከገባ ወዲህ አራት ጊዜ ፒን ተሰብሮበት አራቱንም ጊዜ ቤቱ ገብቷል። ተራ መጠበቁ ያናድደዋል። ጥገና መልካም ነው፤ ሆኖም ዕቃው ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ሳይጠይቁ መጠገን ማበላሸት ነው። መጽሐፍም ካልተነበበ በላስቲክ መጠቅለሉ ምንም አይረባም።

ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ በመጣው እሑድ በዕድሩ ስብሰባ ላይ ጋሽ ጉልላት ተነሡ። ጥቂት እንደተናገሩ ዳኛው አቋረጧቸው። «ይበቃል፣ ይቀመጡ፤ የሞተን ሰው ማንሣት ለማን ይጠቅማል?»

«ሲሞት ያነሣሁት እኔ ነኝ» አሉ። «ሳልጨርስ አልቀመጥም።»

ፒኑን ያስቀረጹበትን ቀን፣ ማርሹን፣ ወንድማቸው ላይ የተናገሩትን አንድም ሳያስቀሩ ተናገሩ። ሰዎች «አይዞዎት፣ ጋሼ» አሏቸው። ሁሉም ያጽናናው እሳቸውን ነበር። በላይነሽ ከሴቶቹ መሐል ሆና የመጨረሻውን ቃል እስኪጨርሱ ሰማች፤ ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በፊታቸው አልፋ ወጣች።