ለሽኮኮዋ የታሰበችው ጥይት

«እማዬ፣ ትንሽ ጥይት የሚያመው ትንሽ ነው?» አለችኝ ልጄ። ከሐይቁ ዳር ያለችውን የሽምብራ ማሳችንን ሽኮኮ ጉድጓድ እየማሰች ልትጨርስብን ነው፤ የልጅቱ አባትና ጎረቤታችን አያ ሙላት ደጃፍ ተቀምጠው ሽኮኮዋ የምትገደልበትን ጥይት ይመርጣሉ። አያ ሙላት የድሮ አዳኝ ናቸው። «በትልቁ ጠመንጃ በምንሽሩ ብትላትማ ጅራቷም አይገኝ! ዝንብ በመጥረቢያ ሆነ እኮ!» ብለው ሳቁ። ባለቤቴ የፋብሪካ ብረት ሠራተኛ ነው፤ ነገር መለካት ይወዳል። «በትንሿ ጥይት ደግሞ ቆስላ ጉድጓዷ ትገባና ስትሠቃይ ትከርማለች። የትልቁን ጥይት ቀልሃ አፍ አጥብቤ ትንሽ አረር ብከትበት፣ አፈሙዙንም በልኩ ባሠራ፣ ሳይሰማት ትወድቃለች» አለ። እኔም ሽምብራዬ ይትረፍልኝ እንጂ ብዬ ወደ ሥራዬ ዞርሁ።

ልጅቱ ቀሚሴን ጎትታ፣ «ጋሼን የመታችውም ትንሽ ናት አላለም?» አለች። ታላቅ ወንድሟ ከጦር ግንባር የጻፈውን ደብዳቤ በመሠረተ ትምህርት በለየሁት ፊደል ያነበብሁላት እኔው ነበርሁ። «እናቴ አትጨነቂ፣ የመታችኝ ትንሽ ጥይት ናት» ይላል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ደብዳቤ አልመጣም።

አያ ሙላት አቀረቀሩ። ባለቤቴ በእጁ ይዞት የነበረውን ቀልሃ ኪሱ ከተተው። «ያማል፣ ልጄ» አልኋት።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ወደ ማሳው ወረድሁ። በጉድጓዷ በኩል ያለውን ጥግ ለሽኮኮዋ ተውሁላትና የቀረውን በቀጋ እሾህ አጠርሁት።